ቤት ያልመታ ግጥምና የአባቶች ወግ

የአማርኛ መምህራን የተማሪ ግጥም ስናርም፣ ቤት ያልመታውን ስንኝ በቀይ ቀለም መሰረዝ ለምዶብናል። ምክንያታችንም «ከአባቶች ወግ ወጥቷል» የሚል ነው። ነገር ግን ወጉን ራሱን መርምረነዋልን?

በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ሲነሣ፣ ከመምህሩ የሚወርሰው ሥርዓቱን እንጂ ቅኔውን አይደለም፤ የሌላውን የራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ያፍርበታል። እንግዲህ አዲስ መፍጠር ራሱ የአባቶች ወግ ነው።

ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» በተባለው መድበሉ የተለመደውን የስንኝ አደራደር በፈታ ጊዜ ክርክር ተነሥቶበታል። በ1966 ዓ.ም. «እሳት ወይ አበባ» የታተመለት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በበኩሉ ልኩን አልተወም፤ አሰፋው። በወል ቤት አንዱ ሐረግ 6 ቀለም አለው፤ በእርሱ 8 ሆነና «የጸጋዬ ቤት» ተባለ። አንዱ ፈታ፣ ሌላው አሰፋ፤ ሁለቱም ግን የወረሱትን አውቀው የተነሡ ናቸው።

ይህን ስንል ስንኝ የሰበረ ሁሉ ገጣሚ ነው ማለታችን አይደለም። ቤት መምታትን የተወ ሰው ጆሮን የሚይዝበት ሌላ ነገር፣ ዜማ ወይም ምስል፣ ማምጣት አለበት፤ አለዚያ ሥራው የተቆራረጠ ዝርው ይሆናል። ስለዚህ ቀዩን ብዕር ከማንሣታችን በፊት እንደ ቅኔ መምህር እንጠይቅ፦ ምስጢሩ ምንድን ነው? ከሌላ ያልተወሰደስ ምን አለው? መልስ ካገኘን ልጁ ከወግ አልወጣም፤ ገብቶበታል።