ሙያ በልብ፣ ዋጋ በአደባባይ

የላውራ ጋበርት ዘጋቢ ፊልም «ሲቲ ኦፍ ጎልድ» (እ.ኤ.አ. 2015) የሎስ አንጀለሱን የምግብ ሐያሲ ጆናታን ጎልድን ተከትሎ ከተማዋን ይዞራል። ጎልድ በ2007 የፑሊትዘርን ሽልማት ሲያገኝ ከምግብ ሐያስያን የመጀመሪያው ነበር። ብዕሩን ከባለጠጎች ገበታ ይልቅ ወደ ስደተኞች ጓዳ ማዞሩ ስሙን አስጠርቶታል። ፊልሙ ፌርፋክስ ጎዳና ሲደርስም «ሚልስ ባይ ገነት» የተባለውን ምግብ ቤት ከባለቤቱ ከወይዘሮ ገነት አጎናፍር ጋር ያስተዋውቃል።

የፊልሙ ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ምግብ አብሳዮቹን በአክብሮት ያያል። ሆኖም ታሪኩን የሚመራው የሐያሲው መኪና ስለሆነ፣ ምግብ ቤቶቹ ሕይወት የሚያገኙት እሱ ሲደርስባቸው ይመስላል። ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ያለው የፌርፋክስ ክፍል ግን በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» የተባለው በ2002 ነው፤ ምግብ ቤቶቹም ከስያሜው ይቀድማሉ። ችግሩ ስም ኪራይ አለመክፈሉ ነው። ኪራይ የሚከፍለው በምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው።

ፊልሙ ያላነሳውን የዋጋ ጥያቄ ክሪሽነንዱ ሬይ «ዘ ኤትኒክ ሬስቶራንተር» (2016) በተሰኘው መጽሐፉ ያነሳዋል። እንደ ሬይ ክርክር፣ አሜሪካዊ ተመጋቢ ለባዕድ ምግብ የሚከፍለው ገንዘብ ከምግቡ ባለቤቶች ማኅበራዊ ደረጃ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የጣልያን ምግብ በአንድ ወቅት የድሃ ስደተኛ ርካሽ ምግብ ነበር፤ ልጆቻቸው ከፍ ሲሉ ምግቡም አብሮ ከፍ አለ። በዚህ መሰላል ላይ የጥቁር ሕዝብ ምግብ የት እንደሚቀመጥ መገመት አያዳግትም።

ዶሮ ወጥን እንመልከት። ሽንኩርቱ በዝግታ ሲቁላላ ሰዓታት ይፈጃል። ዶሮው በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፣ በየብልቱ ይወጣል። የእንጀራው ሊጥ ቀድሞ ለቀናት ቦክቷል፤ የበርበሬው ድካም ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። የፈረንሳይ ወጥ ቤት ለአንድ ስጎ ያዋለው ሰዓት ጥበብ ተብሎ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የዶሮ ወጡ ሰዓት ግን «የእናት እጅ» ተብሎ ይመሰገንና ከሒሳቡ ይቀራል።

ጥፋቱን ሁሉ ለአሜሪካ መሰላል መስጠትም አይቻልም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል የራሳችን ነው። ትሕትናን ያስተምራል፤ ነገር ግን የጓዳ ሥራ ሳይቆጠር እንዲያልፍም ይመቻል። «ባለሙያ ናት» የተባለች ሴት ምስጋና እንጂ ደመወዝ አላገኘችም። ፌርፋክስ ላይ ተቀምጦ «ይሄንንማ ቤቴም እሠራዋለሁ፣ ለምን ተወደደ?» የሚል ሐበሻ የዚያው ልማድ ወራሽ ነው። እዚያች ጠረጴዛ ላይ የውጪው ንቀትና የቤቱ ዝምታ ተገናኝተው በአንድ ዋጋ ይስማማሉ።

ጎልድ በ2018 አርፏል፤ የአንድ ጎዳና ዕድልም በአንድ ሰው ምላስ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። በአማርኛ ለግጥምና ለልብ ወለድ ሂስ ይጻፋል። ቁሌቱ በቅጡ መብሰሉን ቀምሶ የሚያውቅ፣ ድካሙንም በሰዓት ቆጥሮ የሚጽፍ የምግብ ሐያሲ ግን ብርቅ ነው። እሱ እስኪበረክት ድረስ ዋጋውን የሚተምነው ሽንኩርት ሲቁላላ ያላየ ሰው ይሆናል።