የፍቅር ልብ ወለድና የአንባቢዋ ሰዓት

የዘመኑ የፍቅር ልብ ወለድ በሐያስያን ሚዛን ቀሎ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ ይመሳሰላሉ፤ ፍጻሜውም ከሽፋኑ ይታወቃል። ክሱ በአመዛኙ እውነት ነው። ሆኖም ፍጻሜውን የምታውቅ አንባቢ ስለ ምን ደጋግማ ትገዛለች?

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጃኒስ ራድዌይ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጥያቄ ይዘው የሄዱት ወደ አንባቢዎቹ ዘንድ ነበር። አብዛኞቹ ባለትዳርና እናቶች የሆኑት እነዚህ ሴቶች አጥብቀው የተናገሩት ስለ ታሪኩ ብቻ ሳይሆን ስለ ማንበቡም ነው። ቀኑን ሙሉ ባልና ልጆችን ሲንከባከቡ ይውላሉ፤ እነርሱን የሚንከባከብ ግን የለም። መጽሐፉ ሲገለጥ ሰዓቱ የራሳቸው ይሆናል፤ በገጾቹም ውስጥ ኮስታራው ጀግና ቀስ በቀስ ርኅራኄን ይማራል። አሳዛኝ ፍጻሜ እንዳይገጥማቸው ሳይገዙ በፊት የመጨረሻውን ገጽ የሚያነቡም አሉ።

የእኛ አንባቢ ግን በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አልቅሶ ቀብሯል፤ ይህ ጸሐፊም እንዲሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት ሁለቱን ከለያየው የባላባት ሥርዓት ጋር ያፋጥጠናል። የዘመኑ የፍቅር ልብ ወለድ በአብዛኛው እንቅፋቱን በሁለቱ ልብ ውስጥ ብቻ ያኖርና በዙሪያቸው ያለውን ኑሮ ሳይነካ ያልፋል። ድክመቱ እዚህ ላይ እንጂ በደስታ መፈጸሙ ላይ አይደለም። ራድዌይም ለአንባቢዎቹ ቢቆረቆሩም ከዚህ አልሸሹም፤ ንባቡ እፎይታ ሲሰጥ፣ ያን እፎይታ ያስናፈቀውን የቤት ውስጥ ሸክም ባለበት ሊተወው እንደሚችል አመልክተዋል።