«ጌም ቡስተር» ሙቀቱን የት ይወስደዋል?

ስልክ ላይ ጌም ለሚወዱ ወጣቶች በብዛት የሚሰጥ ምክር አለ፦ «ስልክህ ከጋለና ስታክ ካደረገ ጌም ቡስተር ጫንበት፤ ያቀዘቅዝልሃል።» አፑን ስትከፍቱት የበረዶ ሥዕል ይመጣል፤ ቁጥሩ ከ42 ወደ 36 ዲግሪ ይወርዳል። ደስ ይላል! ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሙቀቱ የት ሄደ?

ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ መጨረሻው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከስልኩ የሚወጣው ደግሞ በገላው በኩል ወደ አየሩና ወደ እጃችሁ ነው። አፕ ኮድ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ማድረግ የሚችለው ከጀርባ የሚሠሩ ሌሎች አፖችን መዝጋት ነው። ይህም ቢሆን አንድሮይድ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። የተዘጉት አንዳንዶቹ ወዲያው ተመልሰው ይነሳሉ፤ ቡስተሩም ከነማስታወቂያው ፕሮሰሰሩ ላይ ሌላ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ «አቀዘቀዝኩ» የሚለውን ቁጥር አትመኑት።

ታዲያ በእውነት የሚያቀዘቅዘው ምንድን ነው? የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ፣ ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብንቀንስ፦ 0.8 × 0.9 × 0.9 = 0.648። አንድ አምስተኛ ፍጥነት ከፍለን ከሲሶ በላይ ሙቀት ቀነስን ማለት ነው። ስልክ ሲግል ራሱን የሚያዘገየው በዚህ ስሌት ነው። ብዙ ተጫዋች እንደ ብልሽት የሚያየው ይህ መዘግየት የስልኩ መከላከያ ነው።

እዚህ ላይ ትችቱ ወደ አምራቾቹ ይዞራል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጋቢት ወር መጀመሪያ ሳምሰንግ ትልቅ ጣጣ ውስጥ ገባ። በጋላክሲ ስልኮቹ ላይ ጌምና ሌሎች አፖችን የሚያዘገይ አገልግሎት እንዳለ ተጠቃሚዎች ደረሱበት፤ እንደ ጊክቤንች ያሉ የፍጥነት መለኪያ አፖችን ግን አይነካም ነበር። ተማሪ ለፈተና ቀን ብቻ እንደሚያጠናው መሆኑ ነው። የጊክቤንች ባለቤቶች ከኤስ10 እስከ ኤስ22 ያሉትን የጋላክሲ ስልኮች ከሰንጠረዣቸው አወጡ። ሳምሰንግ አገልግሎቱን ማጥፋት የሚያስችል ማሻሻያ ለቀቀ፤ ኃላፊውም በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ይቅርታ ጠየቁ።

የሳምሰንግ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? ማዘግየቱ ተገቢ ነበር፤ ፊዚክሱ ያስገድዳል። ጥፋቱ መደበቁና ለመለኪያው ሌላ ፊት ማሳየቱ ነው። ከዚያ በኋላ «ሙሉ በሙሉ አጥፉልን» ያሉትም ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። ስልኩን ሩት አድርጎ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ማጥፋት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ምክር ነው፤ የሊትየም ባትሪው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ገላ ውስጥ ነው ያለው። ሙቀት ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፣ አንዳንዴም ያሳብጣል። ያ ስልክ የቤተሰቡ ቴሌብር ያለበት፣ የማትሪክ ውጤት የሚታይበት ብቸኛ ስልክ ከሆነ ጨዋታው ውድ ሆነ ማለት ነው።

«እኛ ደጋ ነን፤ ብርዱ ያቀዘቅዘዋል» የሚል የወረኢሉ ወይም የመካነ ሰላም ልጅ ቢኖርስ? ሁለቱም ከተሞች ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። አፕል ለአይፎኖቹ የሥራ ከፍታ ወሰን ብሎ ያስቀመጠው 3,000 ሜትር ነው፤ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ከዚያ በላይ የሚወጡ ቦታዎች አሉ። ነገር ግን ስልክ ሙቀቱን በጨረርም ያስወጣል፤ ያ መንገድ አየር አይፈልግም። ዋናው ነገር የሙቀት ልዩነቱ ነው። የስልኩ ገላ 43 ዲግሪ ቢደርስ፣ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ልዩነቱ 25 ነው፤ 33 ዲግሪ በሆነ ቆላ ግን 10 ብቻ። ስለዚህ ብርዱ የአየሩን መሳሳት ያካክሳል፤ እንዲያውም ይበልጣል። የደጋው ልጅ ልክ ነው።

ልክነቱ ግን ጥላ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ጠዋት ብርዱን ለማባረር ደጅ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቁ መጫወትስ? ፊቱ 16 በ7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስልክ ስፋቱ 0.012 ካሬ ሜትር ነው። ጠራራ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ያወርዳል፤ ስልኩ ፀሐዩን ፊት ለፊት ከያዘ 12 ዋት ያርፍበታል። ከባድ ጌም የሚጫወት ስልክ ራሱ የሚያመነጨው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዋት ነው። ጋቢ ውስጥ ተሸፍኖ መጫወትም ያው ነው፤ ጋቢው እናንተን እንደሚያሞቀው ስልኩንም ያሞቀዋል። ቻርጅ ላይ ሰክቶ መጫወት ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ኔትወርክ ሲደክምም ስልኩ አንቴናውን ለመድረስ ብዙ ኃይል ያወጣል። በነገራችን ላይ «ላግ» ሁሉ የሙቀት አይደለም፤ ፒንጉ ከፍ ካለ ችግሩ ኔትወርኩ ነው።

ማስተካከያውን በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት። ከ1080 ወደ 720 ጥራት ብትወርዱ የሚሣሉት ነጥቦች በ2.25 እጥፍ ያንሳሉ። በሴኮንድ በ60 እና በ25 ፍሬም መካከል ከሚዋዥቅ ጨዋታ ጸንቶ በ30 የሚሄደው ለዓይንም ለእጅም ይመቻል። ወፍራሙን ከቨር አውልቁ። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዛል።

ስልክ የሚገመግሙ ሰዎችም አንድ ነገር ቢለውጡ መልካም ነው። የአንድ ደቂቃ ፍጥነት የሱቅ ቁጥር ነው። እንደ ስሪዲማርክ ያሉ መለኪያዎች ስልኩን 20 ደቂቃ ሙሉ አሠርተው ከመጀመሪያው አቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው ያሳያሉ። ቀጣዩን ስልክ ስትገዙ «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ከማለት «ከ20 ደቂቃ በኋላስ?» ብላችሁ ጠይቁ።