ሞል፤ መቁጠሪያ ወይስ መመዘኛ?

አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ሞል ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በግራም የተገለጸ የአቶም ወይም የሞለኪውል ክብደት» የሚል ነው። መልሱ የተሳሳተ ቢሆንም ስሕተቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ቃሉን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ያስገባው፣ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊልሄልም ኦስትቫልድ፣ በዚያን ጊዜ የአቶምን ህልውና የሚጠራጠር ሰው ስለ ነበረ ሞልን የተረጐመው በክብደት ነበር። መኖሩን ያላመነበትን ነገር ሊቈጥር አይችልምና።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጠቅላላው የሚዛንና የመለኪያ ጉባዔ ሞልን ከመሠረታዊ መለኪያዎች አንዱ አድርጎ ሲቀበል፣ በ12 ግራም ካርቦን-12 ውስጥ የሚገኙትን አቶሞች ያህል ቅንጣቶች የያዘ መጠን ነው ሲል ደነገገ። ቈጠራው ከሚዛን ጋር ተጣምሮ በመቅረቡ፣ በተማሪው አእምሮ የሚቀረው 12 ግራሙ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ የጸናው ድንጋጌ ግን ግራምን ጨርሶ አያነሣም፤ አንድ ሞል በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣቶች ነው።

አዲሱ ድንጋጌ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በምዕራፉ መግቢያ ላይ ያለ ዝግጅት ከቀረበ ተማሪው ይሸመድደዋል እንጂ ለምን እንዳስፈለገ አይረዳም። ምስማር በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ በአንድ አይቈጥርም፤ የአንዱን ምስማር ክብደት ካወቀ ግን ከሚዛኑ ብዛቱን ያገኛል። ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር ይመረጣል። ቀጥሎ ብረትና ድኝ ይምጡ። 7 ግራም ብረት ከ4 ግራም ድኝ ጋር ሲሞቅ ሁለቱም አልቀው 11 ግራም የብረት ሰልፋይድ ይገኛል። «እኩል እናድርጋቸው» በማለት ከየዓይነቱ 7 ግራም የወሰደ ተማሪ ግን 3 ግራም ድኝ ሳይዋሐድ ይተርፍበታል። እኩል መሆን የነበረበት የአቶሞቹ ብዛት ነበር፤ የአንዱ ብረት አቶም ክብደት 56፣ የድኙ 32 ነውና።

በአማርኛ ለሚያስረዳ መምህር ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። «መጠነ ቁስ» በፊዚክስ ትምህርት በኪሎግራም የሚለካው ነው፤ በሞል የሚለካው ቃል በቃል ሲተረጐም «የቁስ መጠን» ይሆናል። ሁለቱ ቃላት ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ልዩነቱን እንዲያስተውል ከተማሪው መጠበቅ ከባድ ነው፤ ሁለተኛውን ትቶ «የቅንጣቶች ብዛት በሞል» ማለት ይሻላል።

ካርቦን-12 ከድንጋጌው ወጥቷል በማለት ከትምህርቱም ማውጣት ግን ስሕተት ነው። በአቶም ክብደት ሠንጠረዥ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች ሁሉ ዛሬም የሚነጻጸሩት ከእርሱ ጋር ነው።

የፈተና ጥያቄዎችም መታረም ይኖርባቸዋል። «አንድ ሞል ኦክሲጅን ስንት ግራም ይመዝናል?» የሚለው ጥያቄ የቅንጣቱን ዓይነት ስለማይገልጽ ሁለት ትክክለኛ መልሶች አሉት፤ አቶም ከሆነ 16፣ ሞለኪውል ከሆነ 32። 16 ብሎ የመለሰውን ተማሪ ዜሮ የሰጠ መምህር የራሱን ጥያቄ መልሶ ያንብብ።