ስለ ሕሊና መገዛት

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በ13ኛው ምዕራፍ፣ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር መሆኑን አስተምሮ ምእመናን ለሹማምንት እንዲገዙ ያዘዘበት ቃል፣ በየዘመኑ የተነሡ ገዥዎች ከቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ አስቀድመው የሚጠቅሱት ነው። ነገር ግን ቁጥር 1ን አንብቦ ቁጥር 5ን የዘለለ ሰው ሐዋርያው ያላስተማረውን ያስተምራል፤ ጳውሎስ መገዛትን ያዘዘው ቅጣትን በመፍራት ብቻ ሳይሆን ስለ ሕሊናም ጭምር ነውና። የመታዘዝ ምንጩ ሕሊና ከሆነ ደግሞ ወሰኑም የሚታወቀው በዚያው በሕሊና ነው፤ ሹሙም የእግዚአብሔር አገልጋይ የተባለው ለበጎ ሥራ ስለ ሆነ፣ ክብሩን ከአገልግሎቱ ለይቶ ሊጠይቅ አይችልም።

ይህን ምሥጢር ከ1928 ዓ.ም. ይልቅ ገልጦ ያሳየ ዘመን በአገራችን ታሪክ ያለ አይመስለኝም። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ማዕርገ ጵጵስናን በአንድነት ከተቀበሉት አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ሁለቱ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም ነበሩ፤ ያነበቡት መጽሐፍ አንድ፣ የተቀበሉትም አደራ አንድ ሲሆን፣ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። አርበኞች ዋና ከተማይቱን ለማስለቀቅ ያደረጉት ውጊያ ሳይሳካ በቀረ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። መድፍና አውሮፕላን የነበረው ድል አድራጊ ከእኒህ መነኵሴ የፈለገው ወርቅም ምሽግም አልነበረም፤ አርበኞችን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለአዲሱ ገዥ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነበር እንጂ። ኃይል ብቻውን ሥልጣን መሆን እንደማይቻለው፣ የሰው ሕሊና እሺ ካላለው በቀር መንግሥት ተብሎ ሊጸና እንደማይችል፣ ከዚህ ጥያቄ የበለጠ ማስረጃ ምን ይገኛል? ጳጳሱ ያንን ቃል አልሰጡም፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ፣ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

እንዲህ እምቢ ያሉት ሥልጣንን ከምትንቅ ቤተ ክርስቲያን የወጡ አባት አልነበሩም፤ ያሳደገቻቸው በየቅዳሴው ለንጉሡና ለሠራዊቱ ትጸልይ የነበረች፣ በፍትሐ ነገሥቷም 44ኛውን አንቀጽ ለነገሥታት የሰጠች ቤተ ክርስቲያን ናት። አቡነ ጴጥሮስ በስሙ የተጠሩበት ሐዋርያም ንጉሥን አክብሩ ብሎ የጻፈ፣ በአይሁድ ሸንጎ ፊት ግን ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ የመሰከረ ነው፤ ሁለቱም የአንድ አንደበት ቃል ናቸው።

ለኢጣልያ በተገዙት በአቡነ አብርሃም ላይ ፈጥኖ መፍረድ ግን አይገባም። የኢጣልያው ገዥ ግራዚያኒ ባወጣው ትእዛዝ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሲረሸኑ፣ አንድ አረጋዊ አባት የቀሩትን ገዳማት ከእሳት ለማትረፍ ማሰቡ ከሰብኣዊ ርኅራኄ የራቀ አይደለም። ዳሩ ግን በ1930 ዓ.ም. ኢጣልያኖች የቤተ ክርስቲያን ራስ አድርገው ሲሾሟቸው ሹመቱን ተቀብለው ጵጵስናን ከሰጣቸው ከእስክንድርያ መንበር በመለየታቸው፣ ዝም ብሎ መከራን ከማሳለፍ አልፈው ግፉን በመስቀል ባረኩት፤ መንበሩም አወገዛቸው። ፈርቶ ዝም ማለትና ፍርሃትን ትምህርተ ሃይማኖት አድርጎ መስበክ እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ የፊተኛው ደካማነት ነው፣ ንስሓም አለው፤ የኋለኛው ግን የሌሎችን ሕሊና ያስራል፤ ለመንጋው የሚጠየቅ እረኛም ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው።

እንግዲህ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤቶቻችን 13ኛውን ምዕራፍ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ደቀ መዛሙርታችሁ አምስተኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ጋራ አንድ አድርገው እንዲያጠኑት አድርጉ፤ የአቡነ ጴጥሮስንም የፍርድ ቀን በትርጓሜው አጠገብ አስተምሯቸው።