የምግብ አለርጂ ምርመራ በሕፃናት ላይ፦ የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን ሕመምን ያረጋግጣልን?

በሕፃናት ሕክምና ውስጥ ከሚታዘዙ ምርመራዎች መካከል የምግብ አለርጂ ምርመራን ያህል ውጤቱ በስሕተት የሚተረጎም ጥቂት ነው። አንድ ሕፃን ብርቱ የቆዳ ችፌ ይዞት ወደ ሆስፒታል ይመጣል። እናቲቱ የሕመሙን ምንጭ ለማወቅ ትጓጓለች። ሐኪሙም ስለ ልጁ አመጋገብ በቂ ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ወተትን፣ እንቁላልን፣ ስንዴን፣ ኦቾሎኒንና ሌሎችንም በአንድ ጊዜ የሚፈትሽ የደም ምርመራ ያዛል። ከእነዚህ ሦስቱ ወይም አራቱ «ፖዚቲቭ» ሆነው ሲመለሱ፣ ሁሉም ከሕፃኑ ማዕድ እንዲወገዱ ይነገራል። ሊተች የሚገባው ይህ ልማድ ነው።

የደም ምርመራውም ሆነ ቆዳን በመጠኑ በመውጋት የሚደረገው ምርመራ የሚያሳየው፣ ሰውነት አንድን ምግብ የሚለይ አይ.ጂ.ኢ. የተባለ ፀረ እንግዳ አካል መሥራቱን ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ እያለ ምግቡን ያለ አንዳች ችግር የሚበላ ሕፃን ብዙ ነው። መጠኑ ከፍ ሲል እውነተኛ አለርጂ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል፤ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚበረታ ግን ከቁጥሩ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። በአንጻሩም በአይ.ጂ.ኢ. አማካይነት የማይከሰቱ የሆድና የአንጀት አለርጂዎች ስላሉ፣ «ኔጋቲቭ» ውጤት ሁልጊዜ ነጻነትን አያረጋግጥም።

የዚህን ስሕተት ስፋት በዴንቨር ከተማ ከሚገኘው የናሽናል ጁዊሽ ሄልዝ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ያሳያል። ጥናቱ፣ አብዛኞቹ ችፌ ያለባቸውንና ልዩ ልዩ ምግቦችን እንዳይበሉ ተከልክለው የነበሩ 125 ሕፃናትን ተመልክቷል። ሕፃናቱ የተከለከሉትን ምግብ በሐኪም ክትትል ሥር እንዲቀምሱ በተደረጉባቸው 364 ፈተናዎች፣ በ325ቱ ማለትም በ89 በመቶ ምንም የአለርጂ ምልክት አልታየም። እነዚህ ሕፃናት ወደ ልዩ ማዕከል የተላኩ በመሆናቸው አኃዙን ለሁሉም ሕፃን ማዋል ባይቻልም፣ መልእክቱ ግልጽ ነው።

በአፍሪካ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በጋና ተማሪ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በደም ምርመራ 17.5 በመቶ የሚሆኑት ለኦቾሎኒ «ፖዚቲቭ» ሲሆኑ፣ በቆዳ ምርመራ የተገኙት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የደሙን ውጤት ከቢልሃርዚያ ልክፍት ጋር ተያይዞ አግኝተውታል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ በጥገኛ ትሉና በኦቾሎኒው ላይ የሚገኙትን ተመሳሳይ የስኳር ቅንጣቶች ሳይለይ ይይዛልና። ቢልሃርዚያና የአንጀት ትላትል በሚበዙባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚሠራ ባለሙያም ይህን መዘንጋት የለበትም።

ያለ በቂ ማስረጃ ምግብ መከልከል ጉዳት የሌለው ጥንቃቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ለእንዲህ ያለ ሕፃን እንቁላልንና ወተትን መከልከል ከነበረው ጥቂት ላይ መቀነስ ነው። ከዚህም በላይ ክልከላው ራሱ አለርጂን ሊያስከትል ይችላል። በለንደን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ጥናት ብርቱ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ጨቅላዎች ለሁለት ከፍሎ ነበር። ከጨቅላነታቸው ጀምረው ኦቾሎኒ ከተመገቡት መካከል በ5 ዓመታቸው አለርጂ የያዛቸው 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከተከለከሉት መካከል ግን 17.2 በመቶ ነበሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት እስከ 3 ዓመታቸው ኦቾሎኒ እንዳይሰጣቸው መክሮ፣ በ2008 ምክሩን መተዉም ይታወሳል።

የሐኪሙ ሥጋት መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። ምግብ በተወሰደ በደቂቃዎች ወይም እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚከሰት ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትውከት ወይም የትንፋሽ ማጠር ሕይወትን የሚያሰጋ አናፊላክሲስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲኖር በተጠረጠረው ምግብ ላይ ብቻ የሚደረግ ምርመራ ትልቅ ጥቅም አለው። ታሪኩና ውጤቱ ካልተስማሙ ደግሞ ዳኛው በሆስፒታል የሚደረገው የማብላት ፈተና ነው። ምግቡ ከጥቂት ተጀምሮ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው እየተጨመረ ይሰጣል፤ ምልክት ሲታይ ይቆማል፤ ከመጨረሻው ጉርሻ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ያህል ክትትል ይደረጋል። አስሙ ያልተረጋጋ ሕፃን ለፈተናው አይቀርብም። በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ተሰልቶ በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊንም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ፈተናው አልጋ፣ ጊዜና የሠለጠነ ነርስ የሚጠይቅ በመሆኑ ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይቀላል። ሆኖም የሚቀለው መንገድ ዋጋውን ከሆስፒታሉ ወደ እናቲቱ ጓዳ ያሻግረዋል። ስለዚህ የምርመራ ማዘዣው ከመሞላቱ በፊት «ልጁ ምን በላ? ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ሆነ? ከዚያ ወዲህስ ያንኑ ምግብ በልቶ ያውቃልን?» ተብሎ ይጠየቅ። ምግብ የተከለከለ ሕፃንም ክልከላው እንደገና የሚመረመርበት ቀጠሮ ሳይሰጠው ከሆስፒታል መውጣት የለበትም።