ከነጥቧ ጀርባ ያለው ጥያቄ

በፓይተን የዌብ ማዕቀፍ በጃንጎ ከመጽሐፉ ወደ ደራሲው ስም ለመሻገር አንዲት ነጥብ ትበቃለች። ያቺ ነጥብ ግን ሳናውቀው ዳታቤዙን እንደገና ልታስጠይቅ ትችላለች። ስለዚህ በጃንጎ የተሠራ ገጽ ስፈትሽ ሥራውን የምመዝነው በኮዱ ውበት አይደለም። ገጹ ሲከፈት የሚላኩትን የኤስኪውኤል ጥያቄዎች አያለሁ፤ ጃንጎ ዲበግ ቱልባር አንድ በአንድ ይዘረዝራቸዋል።

100 መጻሕፍትን ከነደራሲያቸው የሚያሳይ ገጽ በቸልታ ከተሠራ 101 ጥያቄ ይልካል፤ አንዱ ለመጻሕፍቱ፣ ቀሪው ለየደራሲው። አንድ ደራሲ ቢደጋገምም ጥያቄው ይደገማል። በሠሪው ኮምፒውተር ላይ የሙከራ መጻሕፍቱ ጥቂት ስለሆኑ ችግሩ አይታይም። መፍትሔው ሴሌክት ሪሌትድ ነው፤ የመጻሕፍቱንና የደራሲዎቹን ሠንጠረዦች በጆይን አጣምሮ በአንድ ጥያቄ ያመጣቸዋል። አንድ መጽሐፍ ብዙ ዘውጎች ሲኖሩት ደግሞ ተገቢው ፕሪፌች ሪሌትድ ነው፤ ሁለተኛ ጥያቄ ልኮ ውጤቱን በፓይተን ያገናኛል። ፕሪፌች ከተደረገ በኋላ መጻሕፍቱን በሚዘረዝረው ሉፕ ውስጥ ፊልተር ካየሁ ግን ሥራው ከንቱ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ዳታቤዙ በየመጽሐፉ እንደገና ይጠየቃልና። የጥያቄውን ብዛት በቴስት ቆልፎ ያስቀመጠ ሰው ካገኘሁ ደስ ይለኛል።

ደራሲ ያልተመዘገበለት መጽሐፍስ? ፎሪን ኪው ባዶ እንዲሆን ከተፈቀደ ጃንጎ ራሱ ሌፍት ጆይን ይመርጣል፤ መጽሐፉ ከዝርዝሩ አይጠፋም።

ከሁሉ የምፈራው ዝግታን አይደለም፤ የተሳሳተ ቁጥርን ነው። 3 መጻሕፍትና 4 ሽልማቶች ያሉትን ደራሲ እንውሰድ። ሁለቱን በአንድ አኖቴት ብንቆጥራቸው መጻሕፍቱም 12፣ ሽልማቶቹም 12 ይሆናሉ፤ ጆይኑ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከእያንዳንዱ ሽልማት ጋር አባዝቶታል። ገጹ ፈጣን ነው፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይወጣም። ለቆጠራ ዲስቲንክት መጨመር ያድናል፤ 3 እና 4 ይመለሳሉ። ለሽያጭ ድምር ግን ያው መድኃኒት ሌላ በሽታ ያመጣል፤ ሁለት መጻሕፍት እኩል 500 ቅጂ ከተሸጡ አንዱን 500 ይጥለዋል። ትክክለኛው መንገድ ድምሩን በሳብኩዌሪ ለብቻው ማስላት ነው።

እኔም ስፈትሽ ከአንድ በላይ ሽልማት ያለውን፣ ሁለት መጻሕፍቱ እኩል የተሸጡለትን ደራሲ ፈልጌ ሽያጩን በእጄ ደምሬ ከገጹ ጋር አስተያያለሁ።